ሚኒስትሪ ሲቀርብ፦ የአድማጮች ጥያቄና የመምህሩ መልስ

የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ እየቀረበ ነው፤ የፕሮግራማችን ስልክ ከአሁኑ ፋታ አጥቷል። እዚህ ድሬ ሒሳብ ሳስተምር 22 ዓመት ሆኖኛል። በየዓመቱ የሚጠየቀው ያው ነው፣ እኔም ያንኑ እመልሳለሁ። አይሰለቸኝም።

ልጄ በክፍሉ ከሦስተኛ ወጥቶ አያውቅም። ሞዴል ፈተና ላይ ግን 50 እንኳ አልሞላም። ምን ነካው? (እናት፣ ከሳቢያን)

ምንም አልነካውም እህቴ። የክፍል ውጤት ከቤት ሥራ፣ ከደብተር፣ ከግሩፕ ሥራና ከቴስት ተለቃቅሞ የሚመጣ ነው። ቴስቱም ባለፈው ሳምንት ከተማረው ላይ ነው። ሚኒስትሪ ላይ ግን የቆየው ትምህርት ሁሉ በአንድ ወረቀት ይመጣል። ጥያቄውን ያወጣው ሰው ደግሞ የልጅዎን አስተማሪ አነጋገር አያውቅም። ልጁ የሚያውቀውን ነገር በሌላ አባባል ሲያገኘው ይደነግጣል።

የሞዴሉን ወረቀት ይዘው አብረውት ይቀመጡ። የሳተውን እያንዳንዱን ጥያቄ ይጠይቁት፦ አልተማርከውም? ጥያቄው አልገባህም? ወይስ እያወቅከው ተቻኮልክ? የመጨረሻው ሁሌም ወላጅ ከገመተው በላይ ነው። «ትክክል ያልሆነው የቱ ነው?» ሲባል «ያልሆነው» የምትለዋን ዘሎ ትክክል የሆነውን ይመርጣል። እንዲህ ያለች ቃል ላይ እንዲያሰምርባት ያስለምዱት። ጥያቄ ሁለት ጊዜ ይነበባል! በጊዜም ያስተኙት።

በእስክርቢቶ ማጥቆር ይቻላል?

አይቻልም። በእርሳስ ብቻ። ላጲስ አትርሳ።

የማላውቀውን ልተወው ወይስ ልገምት? (ተማሪ፣ ከገንደ ቆሬ)

አጥቁር። ስህተት መልስ ነጥብ አይቀንስም፣ ባዶ ግን ዜሮ ነው። አንድ ጥያቄ ስትዘል ግን ተጠንቀቅ። አንድ ጎበዝ ተማሪ ነበረችኝ። 14ኛውን ዘለለችና የ15ኛውን መልስ 14 ላይ አጠቆረች። እስከ መጨረሻው እንዲያ ቀጠለች። ያወቀችው ፈተናው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ነው። እጇ እየተንቀጠቀጠ በላጲስ ስትፈትግ ወረቀቱ ተቀደደ። አንተ በየአምስት ጥያቄው ቁጥሩን አመሳክር። መስመር የሚስተው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳይተኛ የመጣ ልጅ ነው።

ልጄ 15 ዓመቱ ነው። ፈተና ሲደርስ ከጓደኞቹ ጋር ትንሽ ጫት ይዞ ሲያጠና ያነጋል። ለቁም ነገር ነው ብዬ ዝም ብያለሁ። ጉዳት አለው? (አባት፣ ከመጋላ)

አቦ ዝም አይበሉ ወንድሜ! እኔም የሐረርጌ ልጅ ነኝ። ጫት በዱዓውም፣ በሐዘኑም፣ በሠርጉም ቤት እንዳለ አውቃለሁ። ትልልቆቹን ልወቅስ አልመጣሁም። ልጅ ግን ሌላ ነው።

ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ነገር አለ። እንቅልፍ ያባርራል፣ ልብ ያስመታል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ልጁ ሲመረቅን ሁሉም ነገር የገባው ይመስለዋል። ይገልጣል፣ ያሰምራል፣ ይጽፋል። ያጠኑት ነገር ጭንቅላት ውስጥ የሚረጋው ግን በእንቅልፍ ነው። እሱ ያባረረው ደግሞ እንቅልፉን ነው።

አንድ ተማሪዬ ጠዋት ለማጠናከሪያ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል፣ ከንፈሩ ደርቋል። «ቲቸር፣ ማታ ምዕራፍ ሦስትን ጨረስኩት» አለኝ፣ ፊቱ እየበራ። ደብተሩን ተቀብዬ ማታ ከሠራቸው ጥያቄዎች አንዷን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩለት። ጠመኔውን ይዞ ቆመ። አንድ መስመር ጻፈ፣ አጠፋ፣ እንደገና ቆመ። በገዛ እጁ የሠራት ጥያቄ ነበረች። ያን ቀን ልጁን አቅፌ ማልቀስ ነው ያማረኝ።

ምርቃናው ሲወርድ ደግሞ ድብርቱ ይመጣል። ቁርስ አልበላም ይላል። ሳይተኛ፣ በባዶ ሆዱ ፈተና ይገባል። ውሎ ሲያድር ያለ ጫት ደብተር መግለጥ ያቅተዋል፤ ሐራራ ያዘው ማለት ነው። አንዳንዱም ለመተኛት ብሎ ኪኒን ወይም መጠጥ ይጨምርበታል። ይሄ ሕይወት ያሳጣል።

ዛሬ ማታ ከጎኑ ይቀመጡ። አይምቱት፣ ጓደኞቹ ፊት አያዋርዱት። እርስዎም የሚቅሙ ከሆነ እሱ ፊት ይቅር። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። እምቢ ካለ፣ ወይም ሲያቆም በጣም ከተረበሸ፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ዘንድ ይውሰዱት። ፈተናው እስኪያልፍ ብለው አይቆዩ።

ቴሌግራም ላይ «የወጣ ፈተና» እየተሸጠ ነው። ልግዛ?

አትግዛ። በ2008 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ወጥቶ ተሰረዘ። የለፋውም ያልለፋውም እንደገና ተፈተነ። ስልክህን ዝጋና ተኛ።

12ኛ ክፍል ላይ የሚያልፈው ጥቂት ነው። ታዲያ 8ኛ ላይ ይሄ ሁሉ ጭንቀት ለምንድነው? (አባት፣ ከሐረር)

እንዲያውም ለዚያ ነው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.2 በመቶ ብቻ ነው። ክፍልፋይ ሳይገባው ወደ 9ኛ የተሻገረ ልጅ አልጀብራ ላይ ይወድቃል፤ አልጀብራ ያልገባው ፊዚክስ ላይ። ከልጁ ጋር አሁን ክፍልፋይ ይሥሩ።

በዚህ ሙቀት ቀን ማጥናት አቃተኝ። (ተማሪ፣ ከአፈተኢሳ)

ማታ 3 ሰዓት ተኚ፣ ንጋት 11 ሰዓት ተነሽ። አየሩም ቀዝቀዝ ይላል፣ 8 ሰዓትሽም ይሞላል።

ሰሌዳው ይደበዝዝብኛል፣ ራሴንም ያመኛል። በጥናት ብዛት ይሆን?

የዓይን ሐኪም ጋ ሂጂ ልጄ፣ በዚህ ሳምንት። እስከዚያ አስተማሪሽን ነግረሽ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጪ።