ጠበቃ ለመሆን እራት መብላት?

ሳሚ፦ ሰላም ሰላም፣ ሀዋሳ ነን፣ ባጃጅ ከተሰማችሁ ይቅርታ፣ መስኮቱን ብንዘጋው ደግሞ በሙቀት ማለቃችን ነው። ቤቲ ለንደን እህቷ ጋር ከርማ መጥታለች፣ ያመጣችልኝ ግን ቸኮሌት ሳይሆን የጠበቆች ሰፈር ወሬ ነው።

ቤቲ፦ ቸኮሌቱ ቀለጠ አልኩህ እኮ! እና እህቴ ስራ ስትገባ ቤት ከምቀመጥ ብዬ በእግር የሚያዞሩበት ቱር ገባሁ፣ ቴምፕል የሚባል ሰፈር፣ ከፍሊት ስትሪት በጠባብ በር ሹልክ ትላለህ፣ በቃ የመኪናው ጩኸት ጠፋ፣ ግቢ፣ ሳር፣ ማታ ማታ ዛሬም በጋዝ የሚበራ ፋኖስ።

ሳሚ፦ ፍርድ ቤት ነው?

ቤቲ፦ አይ፣ የጠበቆቹ ነው። ኢን ይሉታል፣ አራት ናቸው፣ ኢነር ቴምፕል፣ ሚድል ቴምፕል፣ ሊንከንስ ኢን፣ ግሬይስ ኢን። ድሮ ተማሪው እዛው እየኖረ እየበላ ነበር ሕግ የሚማረው፣ ዛሬም ባሪስተር፣ ችሎት ቆሞ የሚከራከር ጠበቃ ማለት ነው፣ ለመሆን ካራቱ የአንዱ አባል መሆን ግድ ነው። እና አስቂኙ ምን መሰለህ፣ ድሮ እራት ተቆጥሮ ይበላ ነበር።

ሳሚ፦ የምን እራት?

ቤቲ፦ እራት ነዋ! አዳራሹ ውስጥ ይሄን ያህል ጊዜ ካልበላህ ጠበቃ አትሆንም ነበር። ጋንዲ ኢነር ቴምፕል ነበር፣ በ1891 ነው የጨረሰው፣ ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምነግርህ፣ ስጋ አይበላ፣ አይጠጣ፣ ለአራት ሰው ደግሞ ሁለት ጠርሙስ ወይን ነበር የሚቀርበው፣ እና ሁሉም "ና እኛ ጋ አራተኛ ሁን" እያለ ይሻማበት ነበር፣ ራሱ ነው የፃፈው።

ሳሚ፦ ሃሃ፣ ሰርግ ላይ ከፆመኛ አጠገብ እንደመቀመጥ!

ቤቲ፦ በ1922 ታሰረና ከጠበቃነት ሰረዙት፣ መልሰው ያስገቡት በ1988። ከሞተ 40 ዓመቱ!

ሳሚ፦ ፋይሉ ጠፍቶ ነበር አሉ?

ቤቲ፦ አታስቀኝ። ቤተክርስቲያኗን ግን ሳያት ቀጥ አልኩ፣ ክብ ናት፣ የኛን ሀገር ገጠር መሰለኝ እኮ! በ1185 የተባረከች ናት፣ ቴምፕላር የሚባሉት የመስቀል ጦርነት ፈረሰኞች የሰሯት፣ ክብ ያደረጓት ኢየሩሳሌም ያለውን የጌታ መቃብር ለማስመሰል ነው።

ሳሚ፦ ዴር ሱልጣን ያለበት? የኛ መነኮሳት ጣሪያው ላይ ያሉበት?

ቤቲ፦ እሱው! ለጋይዷ ስነግራት በተራዋ እሷ ቀጥ አለች። በ1312 ቴምፕላሮቹ ፈረሱ፣ ቆይቶ ቦታውን ጠበቆች ተከራዩት፣ ስሙ ግን እንዳለ ቀረ።

ሳሚ፦ ጠበቆቹ ራሳቸው ላይ የሚያጠልቁት ሰው ሰራሽ ፀጉር፣ ዊጉስ?

ቤቲ፦ የፈረስ ፀጉር ነው፣ አሁን በብዛት ወንጀል ችሎት ላይ ነው የሚደረገው። በ1882 የተከፈተው ትልቁ ፍርድ ቤት ደግሞ እዛው ፊት ለፊት ነው፣ ማንም ተፈትሾ ገብቶ ችሎት ያያል፣ በነፃ። ግን ልንገርህ፣ ሰፈሩ ሁሉ ግንብና በር ነው፣ አስጎብኚ ባይኖር ኖሮ ባጠገቡ አልፌ ነበር የምሄደው።

ሳሚ፦ እኛ ጋ እኮ ዳኝነት ዛፍ ስር ነበር። ሲዳማ ሶንጎ፣ የሽማግሌዎች ሸንጎ ማለት ነው፣ ተቀምጦ አንዱ ከመናገሩ በፊት "አፊኒ?" ይላል፣ ሰማችሁ ወይ እንደማለት፣ ያለፈ ያገደመ ሁሉ ጆሮውን ይጥላል። የነ ተጠየቅ፣ የነ በላ ልበልሃ ሙግትም እንደዛው፣ ነገር ማሳመር ያልቻለ እውነት ይዞም ይረታ ነበር።

ቤቲ፦ ይሄው! እና ፈረንጅ መጥቶ የሕግ ሰፈራችሁን አሳዩኝ ቢልህ ምን ታሳየዋለህ? ሕንፃ የለህም።

ሳሚ፦ ጉዱማሌ እወስደዋለኋ፣ ፊቼ ጨምበላላ በሚከበርበት፣ ዛፉ ስር አስቀምጬ ሽማግሌ አስወራዋለሁ። በር የለው፣ ቲኬት የለው።

ቤቲ፦ ከዛስ?

ሳሚ፦ ከዛማ በእግር አሞራ ገደል፣ አሳ።

ቤቲ፦ ማን ይከፍላል?

ሳሚ፦ ቸኮሌት ያላመጣ።