ስሙ አልጠፋትም፣ ጊዜ ፈልጎ ነው

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ሰሞኑን ከሐሳቤ አልወጣ ያለ ጉዳይ አለ፣ እሱን ላጫውታችሁ። ትልቅ ሰው ነገር ሲዘነጋ «እርጅና ነው» ብለን እናልፋለን አይደል? ይህ አባባላችን ብዙ ሰው የሚጎዳ ይመስለኛል።

እናቴ ሰባን አልፋለች። ጨዋታ ይዛ መሀል ላይ የሰው ስም ይጠፋታል። «ያ... እንትና...» ስትል ቤት ያለው ወጣት ይቀድማታል፤ አንዱ ስም ይገምታል፣ ሌላው ወሬ ይቀይራል። እሷም ትተወዋለች። ቶናው ሲቀዳ ግን ስሙ ይመጣል። ስሙ ብቻ መቼ! የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማንን እንዳገባ፣ ከማን ጋር በመሬት እንደተካሰሰ፣ እነማን እንዳስታረቋቸው፣ ሁሉም ተከታትሎ ይመጣል። አልጠፋም ነበር ማለት ነው፤ ጊዜ ፈልጎ ነው።

አንጎል እኮ ሁለመናው በአንድ ጊዜ አድጎ፣ በአንድ ጊዜ የሚያረጅ አይደለም። ስንወለድ ክብደቱ የአዋቂውን ሩብ ያህል ነው፤ በ6 ዓመታችን ወደ 90 በመቶ ይጠጋል። መጠኑ ሞላ ማለት ግን በሰለ ማለት አይደለም። በሕፃንነት በነርቭ ሴሎች መካከል ከሚያስፈልገው በላይ ግንኙነት ይፈጠራል፤ ከዚያ የሚሠራበት እየጠነከረ፣ የማይሠራበት እየተወገደ ይሄዳል። ከግንባራችን ጀርባ ያለው፣ ቆም ብሎ ለማመዛዘንና ስሜትን ለመግታት የሚያገለግለው ክፍል ከሁሉም ዘግይቶ፣ በሃያዎቹ አጋማሽ ገደማ ነው የሚበስለው። የማሰብ ፍጥነት ደግሞ ከሃያዎቹና ከሠላሳዎቹ ጀምሮ ቀስ እያለ ይቀንሳል። የቃላት እውቀት ግን በብዙ ሰው ላይ እስከ ስድሳዎቹ ድረስ መጨመሩን አያቆምም። እንግዲህ እናቴና ጎረምሳው የወንድሜ ልጅ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ሲያወሩ፣ እሱን ሙሉ፣ እሷን ጎዶሎ አድርገን የምናየው በምን ሒሳብ ነው?

እኔን ሁሌ የሚያስደንቀኝ የአሜሪካ መነኮሳት ነገር ነው። ዴቪድ ስኖውደን የሚባል ተመራማሪ በ1986 እ.ኤ.አ. ሚኒሶታ ላይ በጀመረው ጥናት፣ ዕድሜያቸው 75 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 678 የካቶሊክ ሴት መነኮሳት ተሳትፈዋል። በየጊዜው የማስታወስ ፈተና ይወስዱ ነበር፤ ሲያርፉም አንጎላቸው እንዲመረመር ፈቀዱ። ለማያውቁት ሰው፣ ለሚመጣው ትውልድ ብለው! ከእነሱ አንዷ ሲስተር ሜሪ በ101 ዓመታቸው አረፉ። በሕይወት እያሉ የፈተና ውጤታቸው ከፍተኛ ነበር። አንጎላቸው ሲታይ ግን አልዛይመር የሚባለው የመርሳት በሽታ ምልክት የሆነው የፕሮቲን ክምችት በብዛት ተገኘበት። በሽታው አንጎላቸው ውስጥ ገብቷል፤ እሳቸው ግን አልተረቱም። ሌላም አለ። መነኮሳቱ በሃያዎቹ ዕድሜያቸው የጻፉት የሕይወት ታሪካቸው ከመዝገብ ወጥቶ ሲነበብ፣ ጽሑፋቸው በሐሳብ የዳበረ የነበሩት በስተርጅና በአልዛይመር የመያዛቸው ዕድል ዝቅ ብሎ ተገኘ። የሰባ ዓመት ሰው አንጎል ታሪኩ ከልጅነት ይጀምራል ማለት ነው።

ይህን ሳስብ የእናቴ ዘመን ሴቶች ይታወሱኛል፤ ስንቶቹ ናቸው የትምህርት ቤት ደጅ ሳይረግጡ የቀሩት! በ2024 እ.ኤ.አ. ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት የባለሙያዎች ኮሚሽን ባወጣው ሪፖርት፣ 14 ምክንያቶች ቢወገዱ በዓለም ካለው የመርሳት በሽታ 45 በመቶ ያህሉን ማስቀረት ወይም ማዘግየት ይቻል ነበር። በልጅነት ትምህርት ማጣት አንዱ ነው። እሱ አሁን አይመለስም። ግን ከምክንያቶቹ ውስጥ የደም ግፊትም አለ፣ ብቸኝነትም፣ የመስማትና የማየት ችግርም። የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ይነሣል። ጆሮ ይመረመራል። እኛ ግን «ዕድሜ ነው» ብለን እማማን ጥግ እናስቀምጣለን፤ ሳይሰሙ ይውላሉ፣ የሚያወራቸው ይጠፋል፣ ቀስ በቀስ መናገርም ይተዋሉ።

በሌላ በኩል በዕድሜ የማይሳበብ ነገር አለ። የኖሩበት ሰፈር መንገድ ከጠፋቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን የሠሩት ወጥ ቅደም ተከተሉ ከተምታታባቸው፣ ያንኑ ጥያቄ በአንድ ከሰዓት ደጋግመው ከጠየቁ፣ ሐኪም ሊያያቸው ይገባል። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ችግር፣ ድብርት፣ አንዳንዴም የሚወስዱት መድኃኒት ራሱ ሰውን ያዘነጋል፤ እነዚህ ደግሞ መፍትሔ አላቸው። ጠበል የምትወስዷቸውም ውሰዷቸው፣ የደም ምርመራውን ግን አታስቀሩባቸው።