የአባዬ ፍሎፒዎች

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ስታገልበት የከረምኩትን ነገር ላጫውታችሁ።

አባዬ፣ ነፍሱን ይማርና፣ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነበር። ቃለ ጉባኤውን ድሮ በመዝገብ፣ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በኮምፒውተር ነበር የሚጽፈው። ባለፈው የእማዬን ቁም ሳጥን ስናስተካክል በፌስታል የተጠቀለሉ አሥራ አንድ ፍሎፒዎች፣ የድሮ ኮምፒውተር ፋይል ማስቀመጫ ዲስኮች፣ አገኘን። በላያቸው በራሱ እጅ ጽሑፍ «እድር 1»፣ «እድር 2» እያለ ይሄዳል። አንዱ ላይ «የዘር ሐረግ» ይላል። የዘር ሐረጋችንን ቆጥሮ መጻፉን ሁላችንም እናውቃለን፤ ወረቀቱን ግን ያየው ሰው የለም።

በዩኤስቢ የሚሰካ የፍሎፒ ማንበቢያ ተዋስኩ። ዘጠኙ ተነበቡ። ፋይሎቹ የዎርድ ናቸው፤ የዛሬው ዎርድም ከፈታቸው። ገጹ ላይ ግን አንድም የእኛ ፊደል የለም። ባለ ኮፍያ ኤ፣ የፓውንድ ምልክት፣ ቅንፍ፣ መቶኛ፣ እንደገና ሌላ የላቲን ፊደል፤ ገጽ ሙሉ እንደዚያ ነው። እማዬ ከኋላዬ ቆማ «ተበላሽቶ ነው እንዴ ልጄ?» አለችኝ።

አልተበላሸም። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር በሚሰጠው የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዊንዶውስ የራሱን የግዕዝ ፎንት፣ ኒያላን፣ ይዞ የመጣው ደግሞ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት የግዕዝ ሶፍትዌር የሠሩት ሰዎች የነበራቸው በአንድ ፎንት ቢበዛ 256 ቦታ ነው። የእኛ ፊደል 33 በ7 ሲባዛ ብቻውን 231 ይሆናል፤ ዲቃላዎቹን፣ ቁጥሮቹንና ነጥቦቹን ስትጨምሩበት አይበቃም። ስለዚህ በላቲን ፊደሎች ቦታ ላይ የእኛን ቅርጽ አስቀመጡ። ገሚሱ ፊደሉን ለሁለትና ለሦስት ፎንት ከፋፈለው፤ ገሚሱ የካዕቡንና የሣልሱን ቅጥያ ለብቻው ሠርቶ እየገጣጠመ አሳየ። በዚያ ጥበት ውስጥ አማርኛን በኮምፒውተር ያጻፉንን ሰዎች ከልቤ አከብራቸዋለሁ። ነገር ግን ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የላቲኑን ኤ (A) ነው፤ ሀ አድርጎ የሚያሳየን ፎንቱ ብቻ ነው። ፎንቱ ከጠፋ ጽሑፉም አብሮ ይጠፋል። ሁሉም ሶፍትዌር የየራሱ አቀማመጥ ስለነበረው የአንዱ ፎንት ለሌላው አይሆንም።

ደግነቱ አባዬ የሶፍትዌሩንም ፍሎፒ አስቀምጦታል። ከዘጠኙ አንዱ እሱ ነው። ልጭነው ስል ግን ዊንዶውስ 11 «ይህ ፕሮግራም እዚህ አይሠራም» አለኝ። ከድሮ ዊንዶውስ ጋር እንዲስማማ የሚያደርገውን ምርጫ ሞከርኩ፤ ምንም ለውጥ የለም። ያ ምርጫ ፕሮግራሙን «የድሮው ዊንዶውስ ላይ ነህ» ብሎ ያግባባዋል እንጂ የሌለውን ነገር አያመጣለትም። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ፣ ማለትም የዛሬው ዓይነት፣ ባለ 16 ቢት፣ ማለትም የጥንቱን ዓይነት ፕሮግራም አያስኬድም፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ የሚመጣው በ64 ቢት ብቻ ነው። ያንገበገበኝ ምን መሰላችሁ፣ ፕሮግራሙ ራሱ ባለ 32 ቢት ነው፣ ዛሬም መሄድ ይችላል። 16 ቢት የሆነው ፕሮግራሙን ኮምፒውተሩ ላይ የሚያስገባው ጫኙ ብቻ ነው። በዚያ ዘመን ብዙ ፕሮግራሞችና ጌሞች እንደዚሁ ነበሩ። ቤቱ ደህና ሆኖ በሩ ብቻ አልከፈት እንዳለ ማለት ነው።

ስለዚህ በቨርቹዋልቦክስ ኮምፒውተሬ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር ሠራሁና ባለ 32 ቢት የሆነውን የድሮውን ዊንዶውስ ኤክስፒ ጫንኩበት። እሱ 16 ቢቱን ይቀበላል። ለኤክስፒ መደበኛው የደኅንነት ማሻሻያ የቆመው በ2014 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ኢንተርኔቱን ዘጋሁበት። ጫኙ ሄደ። ከፎንት ማህደሩ ውስጥ ሁለት ትንንሽ ፋይሎች አወጣሁ፣ አንዳቸውም መቶ ኪሎባይት አይሞሉም። ወደ ዊንዶውስ 11 ገልብጬ የአባዬን ፋይል እንደገና ከፈትኩ።

«ቃለ፡ ጉባኤ» ይላል።

እዚህ ላይ ስለ ታናሽ ወንድሜ ልንገራችሁ። ይህን ሲሰማ «በዚያው ፕሪንስ ኦፍ ፐርሺያን አስነሣልኝ» አለኝ። የ1989 እ.ኤ.አ. ጌም ነው፤ እሱ የፈለገው በ1990 የወጣውን የዶስ ቅጂ ነው፣ ዶስ ማለት ከዊንዶውስ በፊት የነበረው የኮምፒውተር ሥርዓት። ዶስቦክስን አወረድኩ፣ አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ዶስቦክስ የድሮውን ማሽን እስከ ፍጥነቱ አስመስሎ ይሠራል፣ በነፃ ነው፣ በዓለም ዙሪያ ጌም የሚወዱ ሰዎች ለዓመታት ደክመውበታል። ያን ማታ ወንድሜ ሲጫወት እያየሁ ያሰብኩት ይህን ነው፦ ያንን ጌም የሚወደው ብዙ ሕዝብ ስለሆነ የሚያድነውም ሞልቷል። የእኛን የግዕዝ ሶፍትዌር ግን ከእኛ በቀር ማን ያድነዋል? በየቀበሌው፣ በየማተሚያ ቤቱ፣ በየሰው ቤት በእነዚያ ፎንቶች የተጻፈ ስንት ነገር አለ። ቤታችሁ የድሮ የግዕዝ ሶፍትዌር ሲዲ ወይም ፍሎፒ ካለ እባካችሁ አትጣሉት። ፋይሉን ካስቀመጣችሁ ፎንቱንም አብራችሁ አስቀምጡ።

ሥራው በዚህ አላለቀም። ጽሑፉን ገልብጬ በቴሌግራም ልልክ ስል እንደገና ያው ኮፍያና ፓውንድ ሆነ። ስለዚህ ሰንጠረዥ ሠራሁ፤ ይህ ምልክት ለ፣ ይህ ምልክት ሉ እያልኩ አንድ በአንድ ወደ ዩኒኮድ። አባዬ ሠራዊቱን ሠ ከእሳቱ ሰ፣ ሐመሩን ሐ ከብዙኃኑ ኀ አያምታታም ነበርና እኔም እንዳላምታታበት ተጠነቀቅኩ። በየቃሉ መሐል ሁለት ነጥብ ያደርጋል፤ እሱንም አልነካሁትም።

ለእማዬ በስልኳ ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ ብዙ ቆየች። «ይቺን ሁለት ነጥብ በሌሊት ከመኝታ ቤት እሰማት ነበር» አለች። «ይጽፋል፣ ይጽፋል፣ ከዚያ ለብቻዋ ጠቅ። ደግሞ ይጽፋል።»

ያልተነበቡት ሁለቱ ፍሎፒዎች ጠረጴዛዬ ላይ ናቸው። አንዱ «የዘር ሐረግ» የሚለው ነው። ሌላ ማንበቢያ የሚያውሰኝ ሰው አግኝቻለሁ፣ ሰኞ እሞክረዋለሁ። የአባዬ ታላቅ እህት ግን ደብረ ብርሃን ናቸው፣ ሰማንያን አልፈዋል፤ ቅዳሜ በጠዋት ይህንኑ መቅረጫዬን ይዤ እሳቸው ዘንድ እሄዳለሁ።