አራዳ ላይ ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?

የተከበራችሁ የስቴሪላይዜሽን ክፍል ሠራተኞች፣ ነርሶችና የጥገና ባለሙያዎች፣ እንደምን አደራችሁ።

አሁን ያለነው አራዳ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ። ፒያሳ ካሉት ሻይ ቤቶች ባንዱ ማንቆርቆሪያው ሲንተከተክ ውሃው 92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 100 አይደርስም። አየሩ ስስ ስለሆነ ቶሎ ይፈላል። እሳት ብትጨምሩበት ይተናል እንጂ ሙቀቱ ንቅንቅ አይልም። ለሻይ ችግር የለውም፤ ለመቀስና ለፒንሳ ግን ትልቅ ነገር ነው።

የመንጋጋ ቆልፍ ባክቴሪያ ሲጨንቀው ጠንካራ ሽፋን ለብሶ ስፖር ይሆናል። ስፖሩን መቀቀል አይገድለውም። ለዚህ ነው 20 ደቂቃ የተቀቀለን ዕቃ “ስቴሪል ነው”፣ ማለትም ከስፖር ጭምር ከጀርም ሁሉ ነጽቷል፣ የማንለው።

አውቶክሌቭን፣ ማለትም ዕቃን በግፊት በታመቀ እንፋሎት ከጀርም የሚያጸዳውን ማሽን፣ ሻምበርላን የተባለ ተመራማሪ የሠራው በ1879 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ ነው። “15 ፒ ኤስ አይ፣ 121 ዲግሪ” የሚለው ሁላችንም የሸመደድነው ቁጥር የሚሠራው በባሕር ጠለል ላይ ነው፤ ፒ ኤስ አይ የግፊት መለኪያ አሃድ ነው። የማሽኑ ግፊት ማሳያ፣ ጌጁ፣ የሚያነበው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው፤ የእኛ የውጭ አየር ደግሞ ቀላል ነው። ስለዚህ እዚህ ጌጁ 15 ሲል ውስጡ ያለው እንፋሎት 116 ዲግሪ አካባቢ ነው። በዚያ ሙቀት ስፖርን ለመግደል ሦስት እጥፍ ያህል ጊዜ ይፈልጋል። ሠራተኛው ሰዓቱን ጠብቆ፣ መዝገቡን ሞልቶ፣ ምንም ሳያጠፋ ያልጸዳ ዕቃ ወደ ማዋለጃ ክፍል ይልካል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

121 ለመድረስ አዲስ አበባ ላይ ጌጁ ወደ 19 ማንበብ አለበት። ግን ቫልቩን ራሳችሁ አትነካኩ! ማሽኑ የሚችለው ከፍተኛ ግፊት ሰሌዳው ላይ ተጽፏል፤ የሚያስተካክለው የጥገና ባለሙያ ነው። ቴርሞሜትር ካለው ከግፊቱ ይልቅ ሙቀቱን እመኑ። ሰዓት መቁጠር የሚጀመረው 121 ከገባ በኋላ ነው፦ ለተጠቀለለ ዕቃ 30 ደቂቃ፣ ላልተጠቀለለ 20።

ሁለተኛው ጠላት አየር ነው። የአየር ማስወጫው ቶሎ ከተዘጋ ውስጥ የቀረው አየር ግፊቱን ያሳያል፣ ሙቀቱን ግን አይሰጥም። መጀመሪያ እየተቆራረጠ ይተነፍሳል፤ ሳይቆራረጥ የሚወጣ ነጭ እንፋሎት እስክታዩ ጠብቁ። ዕቃው የሚቀመጥበት የብረት መያዣ፣ የድረሙ፣ ቀዳዳዎች ሲገባ ክፍት፣ ሲወጣ ዝግ ይሁኑ። ጋውኑን አጭቃችሁ አትሙሉ፤ እጅ በመሃሉ ካላለፈ እንፋሎትም አያልፍም። መቀሱ ተከፍቶ ይግባ፤ መገጣጠሚያው ላይ የደረቀ ደም ካለ ከሥሩ ያለው ጀርም እንደተሸፈነ ይቀራል፤ አስቀድሞ በሳሙናና በብሩሽ ይታጠብ።

ጥቅሉ ላይ በሚለጠፈው ቴፕ የሚወጣው ጥቁር መስመር ጥቅሉ እንፋሎት ማግኘቱን ይናገራል፤ ስፖሩ መሞቱን አይናገርም። ያን የሚያረጋግጠው ሙቀት በሚቋቋም ባክቴሪያ ስፖር የሚሠራው ምርመራ ነው፤ ቢያንስ በሳምንት አንዴ ይደረግ።

ጥቅሉ ርጥብ ሆኖ ከወጣ አትቀበሉት። ጀርም በርጥብ ጨርቅ ውስጥ ሰርጎ ይገባል፤ መደርደሪያ ላይ እስኪደርቅ መጠበቅም አያድነውም። ተፈትቶ፣ በደረቅ ጨርቅ እንደገና ተጠቅልሎ ይመለስ።

አሁን ወደ ማሽኑ እንሂድ። ጌጁ ዜሮ ላይ መቆሙን በማየት እንጀምራለን።