በዜግነት መሐላ ውስጥ ያሉት የእምነትና የታማኝነት ቃላት

ክቡራትና ክቡራን፤

ዛሬ የተሰበሰብነው ለአሜሪካ ዜግነት የምትዘጋጁትን ለማገዝ ስለሆነ፣ ንግግሬም ከመሐላው ቃላት ብዙ አይርቅም። በመሐላው ውስጥ ብዙዎቻችሁን የሚያሳስብ አንድ ሐረግ አለ፤ እርሱም መሐላ ፈጻሚው ለአገሪቱ ሕገ መንግሥትና ሕጎች ‹ትሩ ፌይዝ ኤንድ አሊጂያንስ›፣ ማለትም እውነተኛ እምነትና ታማኝነት፣ እንደሚኖረው የሚናገርበት ነው። ‹ፌይዝ› ማለት ሃይማኖት ነው ብሎ የተማረ ሰው፣ በተለይም ዕድሜያቸው የገፋ እናቶቻችንና አባቶቻችን፣ «ሃይማኖቴን ለመንግሥት ላስረክብ ነው እንዴ?» ብለው ቢጠይቁ አይፈረድባቸውም። ማንም ሃይማኖቱን አያስረክብም፤ ለምን እንደሆነ የሚገባን ግን ቃላቱ የተወለዱበትን ቦታ ስናይ ነው።

‹ፌይዝ› ከላቲኑ ‹ፊዴስ› በፈረንሳይኛ በኩል አድርጎ እንግሊዝኛ የገባ ቃል ነው። በሮማውያን ዘንድ ‹ፊዴስ› የገቡትን ቃል መጠበቅና የሚታመኑ ሆኖ መገኘት ነበር። እኛም አማኝንና ታማኝን ከአንድ ሥር ስለምናወጣቸው፣ ነገሩ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። በመሐላው ውስጥ ያለው ‹ፌይዝ› የታማኙ ወገን እንጂ የአማኙ ወገን አይደለም።

‹አሊጂያንስ› ደግሞ የመጣው ከጌታና ከሎሌ ሥርዓት ነው። ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የቤተ መንግሥቱና የችሎቱ ቋንቋ ለረጅም ጊዜ ፈረንሳይኛ ስለነበረ፣ ለበላይ ማደርን የሚመለከቱት ቃላት በአብዛኛው በዚያው በር ገቡ። መሬት ተቀብሎ ለጌታው የሚያድር ሰው ትጥቁን ፈትቶ፣ ራሱን ገልጦ ይንበረከክና ሁለት እጆቹን አጋጥሞ በጌታው መዳፎች መካከል ያኖራል፤ «ሰውህ ነኝ» ይላል፤ ቀጥሎም እጁን በወንጌል ላይ አድርጎ ይምላል። በምዕራብ አውሮፓ ሁለት እጅን ገጥሞ መጸለይ የተለመደው ከዚሁ ሥርዓት ተወስዶ ነው የሚሉ የታሪክ ሊቃውንት አሉ። ሰው በጌታው ፊትና በፈጣሪው ፊት በአንድ ዓይነት አኳኋን ይቆም ከነበረ፣ ሁለቱን የሚገልጹት ቃላት መቀላቀላቸው ምን ይደንቃል?

‹ሎያል› (ታማኝ) የሚለውም ቃል ‹ሊጋል› (ሕጋዊ) ከሚለው ጋር ከአንድ የላቲን ቃል የተገኘ በመሆኑ፣ በመነሻው ሕግን የጠበቀ ማለት ነበር። ጠላት እንኳ «በሕግ አምላክ!» ሲባል የሚቆምበት አገር ልጆች፣ ሕግና አምላክ በአንድ ትንፋሽ ሲጠሩ ምን ዓይነት ክብደት እንደሚኖራቸው ማስረዳት የሚያስፈልጋቸው አይመስለኝም።

ዛሬ እነዚህ ቃላት በእንግሊዝኛ ተናጋሪው አፍ ቀለዋል። በየማለዳው የሚሮጥ ሰው ‹ረሊጂየስሊ› (እንደ ሃይማኖት ሳላጓድል) እሮጣለሁ ይላል፤ ሱቁ ለደንበኛው የ‹ሎያልቲ› ካርድ ያድለዋል፤ ለማያውቁት ሰው የሚጻፍ ደብዳቤ ‹ዩርስ ፌይዝፉሊ› (የእርስዎ ታማኝ) ተብሎ ይዘጋል። የኳስ ደጋፊው ‹ፋን› እንኳ የ‹ፋናቲክ› ምህጻር ሲሆን፣ የዚህም ሥሩ በላቲን ቤተ ጣዖት ማለት ነው። ይህን የምላችሁ በሥራ ቦታ እንዲህ ያለ ቃል ስትሰሙ ሃይማኖታዊ ነገር እንዳይመስላችሁ ነው። በሕግ ሰነድ ላይ ግን ቃላቱ የቀድሞ ክብደታቸውን እንደያዙ ናቸው።

ያ ክብደት ብዙ ሰው ወኅኒ ያስገባ ነበር። በ1605 ንጉሡን ከነፓርላማው በባሩድ ለማጋየት የተሸረበው ሴራ ከተደረሰበት በኋላ፣ በ1606 የእንግሊዝ ካቶሊኮች ለንጉሥ ጄምስ ‹ፌይዝ ኤንድ ትሩ አሊጂያንስ› እንዲምሉ፣ የሮማው ጳጳስም ንጉሥን ከዙፋን የማውረድ ሥልጣን የለውም እንዲሉ ተጠየቁ። የዛሬው የአሜሪካ መሐላ ሐረግ ከዚያ ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል ልብ በሉ። ለእግዚአብሔር መታመንና ለንጉሥ መታመን በአንድ ቃል ስለተጠሩ፣ አንዱን ለመጠበቅ ሌላውን የካዱ የሚመስላቸው ሰዎች በሁለት በኩል ተጨነቁ።

ከሁሉም ይልቅ የሚያስገርመኝ ኩዌከር የተባሉት የእንግሊዝ ክርስቲያኖች ጉዳይ ነው። እነርሱ በንጉሡ ላይ አላመፁም፤ ነገር ግን ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል «ከቶ አትማሉ» ስላለ፣ ለማንም አንምልም አሉ። መሪያቸው ጆርጅ ፎክስ በ1664 በላንካስተር ችሎት ፊት ቀርቦ እንዲምል መጽሐፍ ቅዱስ ሲሰጠው፣ እንድስመው የሰጣችሁኝ መጽሐፍ ራሱ አትማሉ ይላል ብሎ መለሰ፤ ወደ እስር ቤትም ተመለሰ። በእኔ አስተያየት ከዚያ በላይ ለቃሉ የታመነ ሰው በችሎቱ ውስጥ አልነበረም። ፓርላማው ኩዌከሮች በመሐላ ፋንታ በማረጋገጫ ቃል እንዲናገሩ የፈቀደው በ1696 ነው፤ ያም ቢሆን ሙሉ ፈቃድ አልነበረም። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ግን በ1787 ሲረቀቅ «መሐላ ወይም ማረጋገጫ» ብሎ ሁለቱን እኩል አስቀመጣቸው።

ወደ እናንተ ጉዳይ ልመለስ። የቀድሞ መንግሥትን መካድ የሚለው ኃይለኛ ዓረፍተ ነገር ወደ መሐላው የገባው በ1795 ሕግ ሲሆን፣ ‹ፕሪንስ› (ልዑል) እና ‹ፖተንቴት› (ኃያል ገዢ) የሚሉትንም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ይዞ ቆይቷል። በእኔ ግምት ዛሬ ቢጻፍ በግማሽ ያህል ያጥር ነበር። የምትክዱት ለሌላ መንግሥት ያላችሁን ተገዢነት እንጂ እምነታችሁን፣ ቋንቋችሁን ወይም ወገናችሁን አይደለም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 የወጣው የኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ግን የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን እንደተወ ስለሚቆጥረው፣ ይህን አስቀድማችሁ በቤታችሁ ምከሩበት።

መማል በሃይማኖቱ ወይም በኅሊናው የማይፈቀድለት ሰው ካለ፣ ‹ኦን ኦዝ› (በመሐላ) በሚለው ፋንታ ‹ሶለምሊ አፈርም› (ከልብ አረጋግጣለሁ) እንዲልና ‹ሶ ሄልፕ ሚ ጋድ› (እግዚአብሔር ይርዳኝ) የሚለውን መዝጊያ እንዲተው መጠየቅ ይችላል። ይህም ሥነ ሥርዓቱ እየተካሄደ ሳለ ሳይሆን አስቀድሞ የዜግነት ማመልከቻውን ለሚያየው መሥሪያ ቤት የሚነገር ነው። በቃለ መጠይቁ ላይ ፈታኙ ‹አሊጂያንስ› ምን ማለት እንደሆነ ሊጠይቃችሁ ስለሚችል፣ ታማኝነት ማለት እንደሆነ በቀላል እንግሊዝኛ መመለስን ተለማመዱ።

የመሐላው ቅጂ በየወንበራችሁ ላይ ተቀምጧል። ከመጀመሪያው መስመር ጀምረን አብረን እናንብበው፤ ያልገባችሁ ቃል ሲያጋጥማችሁ እጃችሁን አንሡና አስቁሙኝ።