ቀዩ ዶቃ የማን ጥፋት ነው?

እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ አብረን ፋብሪካ እንከፍታለን። ሠራተኛ እንቀጥራለን፣ እንሸልማለን፣ እንገሥጻለን፣ በአራተኛው ቀን ደግሞ እንዘጋዋለን። ይህ ሁሉ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያልቃል።

(ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሳጥን፣ በነጭና በቀይ ዶቃ የተሞላ)

ፋብሪካው የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ የኤድዋርድስ ዴሚንግ ነው። ዴሚንግ በ1900 አሜሪካ ውስጥ ተወልደው በ1993 ያረፉ የስታትስቲክስ ሰው ናቸው። ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ባለፈው አልተናገርህም ብላችሁ ስለወቀሳችሁኝ ነው። በ1950 ጃፓን ሄደው ለመሐንዲሶችና ለኩባንያ መሪዎች ስለ ጥራት አስተማሩ። በዓመቱ ጃፓኖች በስማቸው ሽልማት አቋቋሙላቸው። በገዛ አገራቸው ግን ስማቸው የገነነው በ1980 አንድ የቴሌቪዥን ዘጋቢ ፊልም ካቀረባቸው በኋላ ነው። ያን ጊዜ ሰማንያ ሊደፍኑ ጥቂት ወራት ቀርቷቸው ነበር። ለእኔም ተስፋ ነው፤ ይህ ቻናል ገና ሦስት ዓመቱ ነው።

ወደ ሳጥኑ። በውስጡ 4,000 ዶቃ አለ። 3,200ው ነጭ፣ 800ው ቀይ። ደንበኛችን የሚቀበለው ነጭ ብቻ ነው። ቀይ አይቀበልም! ለሠራተኛው የሚሰጠው ይህ እጀታ ያለው ሰሌዳ ነው፤ 50 ጎድጓዶች አሉት። ሳጥኑ ውስጥ ይከተዋል፣ ያነሣዋል፣ ሃምሳው ጎድጓድ በሃምሳ ዶቃ ይሞላል። የአንድ ቀን ምርት ይኸው ነው። መምረጥ የለም። ቀዩን በጣት መልቀም የለም። መጠየቅማ ጭራሽ የለም።

ዴሚንግ ሲያስተምሩ ከአዳራሹ ስድስት ፈቃደኛ ሠራተኞች ይጠሩ ነበር። ከዚያ ሁለት ተቆጣጣሪ፣ አንድ ዋና ተቆጣጣሪ፣ አንድ መዝጋቢ። ልብ በሉ፤ ስድስት ሰው ይሠራል፣ አራት ሰው ቀይ ዶቃ ይቆጥራል፣ ይመዘግባል። ይህን መሥሪያ ቤት የማውቀው መሰለኝ። ዴሚንግ ራሳቸው ደግሞ ቁጡ ሥራ አስኪያጅ ሆነው ይተውናሉ።

እኛ ዛሬ ሁለት ሠራተኛ ብቻ አለን፤ እኔና ካሜራ የያዘው ባልደረባዬ። የመጀመሪያው ቀን፦ እኔ 13 ቀይ። እርሱ 7 ቀይ። ሰባት! እንግዲህ እንደ ሥራ አስኪያጅ አስቡ። ማን ጎበዝ ነው? ማን ሰነፍ ነው? እርሱን እንሸልመዋለን፣ እኔን ቢሮ ጠርተን እናነጋግረኛለን። ሁለተኛው ቀን፦ እርሱ 12፣ እኔ 9። አያችሁ? ተግሣጹ እኔን አስተካከለኝ፣ ሽልማቱ እርሱን አሰነፈው። ሥራ አስኪያጁ ከዚህ ምን ይማራል? ቁጣ ይሠራል፣ ምስጋና ያበላሻል። ይህን ዕድሜ ልኩን ያምናል። ማስረጃም አለው፤ ተመዝግቧል፣ ተፈርሞበታል።

እኔ እጄን ወደ ሳጥኑ ስሰድ ያደረግሁት የተለየ ነገር ግን የለም። እርሱም የለም። ሳጥኑ ውስጥ ከአምስት አንዱ ቀይ ነው፤ ሳጥኑን የሞላው ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ነው። የተሸለምነው እጣ ስለወጣልን ነው። የተገሠጽነውም እጣ ስላልወጣልን ነው። የአገራችን ሰው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚለው እንዲህ ያለውን ነው።

እኔም በአንድ ወቅት በሠራሁበት ድርጅት «የወሩ ምርጥ ሠራተኛ» ተብዬ ፎቶግራፌ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያውቃል። በዚያ ወር ምን ሠራሁ? ምንም። አስቸጋሪዎቹ ደንበኞች ሁሉ ከጎኔ ላለው ጠረጴዛ ደረሱ። በሚቀጥለው ወር ለእኔ ደረሱኝ፤ ፎቶውም ወረደ። ሚስማሩ ግን ሥራ እስክለቅ ድረስ እዚያው ነበር፤ በየጠዋቱ እንተያያለን።

አሁን ስሌቱን ቶሎ ልጨርሰው፤ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሃምሳ በአንድ አምስተኛ ሲባዛ 10 ነው፤ አማካዩ ይህ ነው። መደበኛ ልይይቱ፣ ማለትም ቁጥሩ ከአማካዩ በተለምዶ የሚርቅበት መጠን፣ ወደ 2.8 ይሆናል። ሦስት እጥፉን ወደ ላይና ወደ ታች ውሰዱ፤ ከ2 እስከ 18 ያለው ቀይ ዶቃ ሁሉ ሳጥኑ የሚሰጠው የተለመደ መዋዠቅ ነው። ከዚያ ከወጣ የተለየ ምክንያት ፈልጉ። የተለመደውን መዋዠቅ በላይና በታች መስመር የሚያጥረውን ይህን የቁጥጥር ግራፍ አሜሪካዊው የስታትስቲክስ ሰው ዋልተር ሹሃርት በ1924 ነደፉት፣ ዴሚንግ ከእርሳቸው ተማሩት። ዴሚንግ ግን «አማካዩ የግድ 10 ነው» ለሚል ተማሪ ቶሎ እጅ አይሰጡም ነበር፤ ሰሌዳው ዶቃውን የሚያነሣው በንጹሕ እጣ ስላልሆነ፣ አማካዩ የሚታወቀው ደጋግሞ በማየት ነው ይላሉ። የእኔ 13ም የባልደረባዬ 7ም ከመስመሩ ውስጥ ናቸው። አለቀ። ልይይት ምን እንደሆነ ለረሳ ሰው የቆየ ቪዲዮ አለን፤ ድምፁ ትንሽ ይረብሻል፣ ታገሡት።

እዚህ ላይ ስለ ሠራተኛው ድካም ልቀጥል ነበር፤ ግን አላስቀጠላችሁኝም። ባለፈው ስለ ዕቅድና ክትትል ከሠራነው ቪዲዮ በኋላ አንድ ዓረፍተ ነገር ደጋግማችሁ ጻፋችሁልኝ፦ «ዴሚንግ እኮ ‹የማይለካ ነገር አይመራም› ብለዋል፤ አንተ ቁጥርን ለምን ታጣጥላለህ?» ግማሾቻችሁ ደግሞ ይህንኑ የታዋቂው የአስተዳደር ጸሐፊ የፒተር ድራከር አድርጋችሁታል። አንዱ ተመልካች ለሁለቱም ሰጥቷቸዋል፤ ቢያንስ ፍትሐዊ ነው።

ወዳጆቼ፣ ዴሚንግ የጻፉት ተቃራኒውን ነው። በ1993 በወጣው መጽሐፋቸው፣ ያልተለካ ነገር ሊመራ አይችልም ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው፣ ብዙ ኪሣራ የሚያስከትልም ተረት ነው ይላሉ። ሰዎች ግማሹን ቆርጠው ወሰዱ፣ «ስሕተት ነው» የሚለውን ጣሉ፣ የተረፈውን በትልቅ ፊደል አትመው ቢሯቸው ለጠፉ። እንዲያውም ኩባንያን በሚታዩ ቁጥሮች ብቻ መምራትን ከአስተዳደር ገዳይ በሽታዎች አንዱ ብለው ቆጥረውታል። ይህን የሚሉት ዕድሜያቸውን በቁጥር የጨረሱ ሰው ናቸው! መለካትን አልጠሉም። ግን አስቡት፤ ረክቶ የሄደ ደንበኛ ሌላ ሰው ይዞ ሲመጣ በየትኛው ዓምድ ይመዘገባል? ጉድለት አይቶ አለቃውን ፈርቶ ዝም ያለ ሠራተኛስ? ዝምታው በየወሩ ሪፖርት ላይ «ችግር የለም» ሆኖ ነው የሚገባው። ዴሚንግ ለሥራ አስኪያጆች ከጻፏቸው አሥራ አራት ነጥቦች አንዱን «ፍርሃትን አስወግዱ» ያሉት ለደግነት ብቻ አይደለም። የሚፈራ ሰው የሚሰጣችሁ ቁጥር እናንተ መስማት የምትፈልጉት ቁጥር ነው፤ ከዚያ በኋላ ግራፉን የፈለጋችሁትን ያህል አሳምሩት።

ድራከርም ቢሆኑ። በ1954 ዓላማን መሠረት ያደረገ አመራርን ሲያስተዋውቁ የምዕራፉ ርእስ በዚያ አያበቃም፤ «እና ራስን መቆጣጠር» የሚል ይከተላል። ቁጥሩ መጀመሪያ መድረስ ያለበት ሥራውን ለሚመራው ኃላፊ ራሱ ነው፣ ራሱን እንዲያርምበት፤ ከላይ ላለው አለቃ አለንጋ እንዲሆን አይደለም። ይህችም ግማሽ ተቆርጣ ቀረች። ጥቅስ ስትለጥፉ መቀሱን አስቀምጡ፤ ሌላ ምን ልበላችሁ?

እሺ፣ ተመለስሁ። የት ነበርን? ድካም። አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ቴይለር ይወቀሳሉ፤ በ1911 በወጣው መጽሐፋቸው ሠራተኛን እንደ ማሽን አዩት ተብለው። ወቀሳው እውነት አለው፤ ማሰብን ለአለቃ፣ መሥራትን ለሠራተኛ ከፋፍለው ሰጥተዋል፣ ይህን እኔም አልወድላቸውም። ነገር ግን የአካፋውን ነገር ተመልከቱ። አሜሪካ ውስጥ በነበረው በቤተልሔም ብረታ ብረት ፋብሪካ ጫኞቹ አካፋቸውን ራሳቸው ይዘው ይመጡ ነበር። በዚያው አካፋ ከባዱን ማዕድንም ቀላሉን የድንጋይ ከሰልም ይዝቃሉ። ቴይለር ለአንድ ዝቂያ የሚበጀው ክብደት ወደ ዘጠኝ ኪሎ ተኩል ነው ብለው ደመደሙ፤ ለከባዱ ትንሽ አካፋ፣ ለቀላሉ ሰፊ አካፋ ፋብሪካው ራሱ አቀረበ። ቴይለር ሥራን በሰዓት መለካታቸውን ሁሉም ሰው ያስታውሳል። አካፋውን ሲለውጡ ግን ሳጥኑን፣ ማለትም አሠራሩን፣ መንካታቸው ነበር።

ቶዮታ ዘንድ ከሠራተኛው ይልቅ አሠራሩን መንካት የተጀመረው ከመኪናው በፊት ነው። የቶዮታን መኪና ኩባንያ የመሠረቱት ሰው አባት፣ ሳኪቺ ቶዮዳ፣ ክር ሲበጠስ ራሱን የሚያቆም የሽመና መሣሪያ ሠሩ፤ የተበላሸ ጨርቅ ከመቆለል መቆም ይሻላል ብለው። በኋላ በመኪና ፋብሪካው ሠራተኛው ጉድለት ሲያይ ገመድ ስቦ መስመሩን ማስቆም ቻለ። የቶዮታው መሐንዲስ ታይቺ ኦኖ ደግሞ አምስት ጊዜ «ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ አሉ። ልብ በሉ፣ «ማን?» አላሉም። አሜሪካዊቷ የአስተዳደር ጸሐፊ ሜሪ ፓርከር ፎሌትም ከዚያ በፊት፣ በ1920ዎቹ፣ ትእዛዝ የሚሰጠው ሁኔታው ራሱ እንጂ ሰው በሰው ላይ አይሁን ብለው ነበር። ስለ እርሳቸው ሙሉ ቪዲዮ ይገባል፤ ከጠየቃችሁኝ እሠራዋለሁ፣ ባትጠይቁኝም እሠራዋለሁ።

አንድ ስም ሳልጠራ ብቀር ትታዘቡኛላችሁ፤ ጃክ ዌልች። ከ1981 እስከ 2001 ግዙፉን የአሜሪካ ኩባንያ ጄኔራል ኤሌክትሪክን መርተዋል። በየዓመቱ ሠራተኛውን ደረጃ አውጥቶ የመጨረሻዎቹን አሥር በመቶ ማሰናበትን ያስፋፉት እርሳቸው ናቸው። ብዙ ኩባንያ ተከተላቸው። ማይክሮሶፍት ተመሳሳይ የደረጃ አሰጣጥ ነበረው፤ በ2013 ተወው። የእኔ አስተያየት ግልጽ ነው፤ በየዓመቱ የመጨረሻው አሥር በመቶ አለ፣ ሁልጊዜም ይኖራል፣ ሁሉንም ብታባርሩ እንኳን የቀሩት ውስጥ አለ። የማትስማሙ ጻፉልኝ። ዴሚንግ በግምታቸው ከችግሩ 94 በመቶው የአሠራሩ ነው ይሉ ነበር። 94 ይሁን 80 አልከራከርም፤ መጀመሪያ የምትመረምሩት ግን ሳጥኑን ይሁን።

የፋብሪካችን አራተኛ ቀን ቀርቷል። በዴሚንግ ጨዋታ ሥራ አስኪያጁ ከሦስት ቀን በኋላ «ምርጦቹን» ሦስት ሠራተኞች ያስቀራል፣ ሌሎቹን ያሰናብታል፣ የቀሩት ሁለት ፈረቃ ይሠራሉ። ውጤቱ? ያው ነው፤ ትናንት ጥሩ ዶቃ የወጣለት እጅ ለዛሬ ዋስትና የለውም። ፋብሪካው ይዘጋል። እኛም እንዝጋ። ባልደረባዬ፣ በምርጥነት የቀረው እርሱ ነው፣ በመጨረሻው ፈረቃ 11 ቀይ አወጣ።

በሚቀጥለው ጊዜ የኮምፒውተር ቺፕ ሠሪው ኩባንያ የኢንቴል መሪ አንዲ ግሮቭ በ1985 አብረዋቸው ኩባንያውን ለሚመሩት ለጎርደን ሙር ያቀረቡትን ጥያቄ እናያለን፤ እኛ ተባረን አዲስ መሪ ቢመጣ ምን ያደርግ ነበር? ተመዝገቡ፣ እንዳያመልጣችሁ። እኔ ዶቃውን ልሰብስብ። ስቆጥረው 3,998 ሆነብኝ፣ ሁለት ከጠረጴዛው ሥር ጠፍተዋል። ቀይ ከሆኑ ፋብሪካችን በአራት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሻሻለ ማለት ነው።