«በየማታው ምን ትላላችሁ?»

እንደምን ሰነበታችሁ። የቤት ግዢውን ታሪክ ዛሬ እቀጥላለሁ ብዬ ነበር፤ ይቆየን። እሑድ ማታ ከመርከቧ ከወረድን ወዲህ እማዬ የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ጆሮዬ ላይ ቀርቶ ሌላ ነገር ማሰብ አቅቶኛል።

ጾመ ሐዋርያት ተፈትቷል፣ ከባሕር ዳር የመጣችው እማዬ የጊዜ ለውጡን ተላምዳዋለች፣ ወንድሜ ደግሞ እንደምታውቁት ዕቅድ ካወጣ ማንም አይመልሰውም። ቅዳሜ ጠዋት ኬኒልዎርዝ ወሰደን፤ እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ፣ አናኮስቲያ ወንዝ ዳር ያለው የውሃ አበቦች መናፈሻ ማለቴ ነው። በሐምሌ ሎተሱ ይፈካል። ቅጠሉ የእንጀራ ሰፌድ ያህል ሰፍቶ ከውሃው በላይ ይቆማል። እማዬ ጣና ዳር ያደገች ሰው ናት፤ ደንገሉን፣ ታንኳውን ስታወራልን ረፈደ። ከሰዓት በኋላ ግሬት ፎልስ ወደሚባለው ፏፏቴ ሄድን። የፖቶማክ ወንዝ እዚያ ላይ ከአንድ ማይል ባነሰ ርቀት 23 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። አጥሩን ይዛ ብዙ ቆመች። ጢስ ዓባይ በበጋ ውሃው ለመብራት ኃይል ስለሚጠለፍ እንዴት እንደሚሳሳ፣ አሁን በክረምቱ ግን ሞልቶ እንደሚያገሳ ነገረችን። መዋኘት ክልክል ነው የሚለውን ማስጠንቀቂያ ስተረጉምላት፣ ሰው እየሰጠመ ስላስቸገረ ነው ስላት፣ «ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው» አለች። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ትንሽ አረፍንና አመሻሹ ላይ ወደብ ወረድን። የእራት መርከብ ነው፤ የወንድሜ ልጅ ክፍል ማለፏን ልናከብርላት። ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ ሙዚቃ፣ በመስኮት የሚገባ የጀምበር ብርሃን። እውነቴን ነው፣ እንዲህ ያለ ምሽት አይቼ አላውቅም። መርከቧ ሄይንስ ፖይንት የሚባለውን የመሬት ጫፍ ዞራ ወደ ሰፊው ፖቶማክ ስትወጣ በስተቀኝ የሬገን አየር ማረፊያ መጣ። አንድ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ለማረፍ ሲቃረብ ልጆቹ እጃቸውን አውለበለቡ።

እማዬ ሹካዋን አስቀመጠች። «ያ የተጋጨው አውሮፕላን የወደቀው እዚህ ነው?»

«አዎ እማዬ።»

እ.ኤ.አ. ጥር 29 ቀን 2025 ነበር። ከካንሳስ የመጣው የመንገደኞች አውሮፕላንና የጦር ሠራዊቱ ሄሊኮፕተር ተጋጩ፤ 67 ሰዎች ሞቱ። በረዶ ላይ መንሸራተትን ከሚለማመዱበት ካምፕ የሚመለሱ ልጆች ነበሩበት፤ አንዳንዶቹ ከወላጆቻቸው ጋር። እማዬ ያን ሌሊት ከባሕር ዳር እየደወለች «ደኅና ናችሁ?» ስትል ነበር። ለካ ቦታውን በልቧ ይዛው ኖሯል።

ነጠላዋን አስተካከለችና ተነሣች። ፊቷን ወደ ውሃው አዙራ አማተበች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ከኋላችን ጭፈራው ደርቷል። ወንድሜ ቀስ ብሎ «እማዬ፣ ቁጭ በይ፤ ምግቡ ይቀዘቅዛል» አላት። እሷም ሳትቆጣ፣ «ለቅሶ ቤት ደጃፍ ደርሼ እንዴት ቁጭ ብዬ እበላለሁ?» አለችው።

አስተናጋጁ መጣ። የእኛው ልጅ ነው፤ ስንገባ በአማርኛ ሰላም ብሎን ነበር። «እማማ፣ ምግቡ አልተስማማዎትም?»

«ተስማምቶኛል ልጄ። በዚህ ሁልጊዜ ታልፋላችሁ?»

«አዎ እማማ፣ በየማታው።»

«በየማታው ምን ትላላችሁ?»

ልጁ ሳህኑን እንደያዘ ቆመ። ውሃውን አየ፣ እሷን አየ። «ምንም» አለ፤ ድምፁ እንደ ይቅርታ ነበር። ምን ይበል? ሥራ ላይ ነው፤ ሌሎች ጠረጴዛዎች ይጠብቁታል። እኔ ግን ያቺን ጥቂት ጊዜ ደጋግሜ እያየሁ ነው። ጥያቄው ለእሱ ብቻ የቀረበ አልመሰለኝም።

እዚሁ ወንዝ ላይ፣ ከአየር ማረፊያው ትንሽ ወደ ላይ፣ ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ወደ ከተማ ስገባ የምነዳበት ድልድይ አለ። እ.ኤ.አ. በ1982 ጥር ወር ክንፉ በረዶ የያዘ አውሮፕላን ድልድዩን መትቶ ወንዙ ውስጥ ገባ፤ 78 ሰዎች ሞቱ። አርላንድ ዊልያምስ የሚባል መንገደኛ ከሄሊኮፕተር የሚወረወርለትን ገመድ ለሌሎች እያሳለፈ፣ እሱን ሊያወጡት ሲመለሱ ሰጥሞ ነበር። ድልድዩ በስሙ ተሰይሟል። ስሙ ተጽፎ በየቀኑ በላዩ እንነዳለን፤ ሥራ ረፈደብን እያልን። እንግዲህ ስም መሰየሙ በቂ ነው ወይስ... ደግሞ ወንዙን ተከትሎ ወደ ታች ሲወርዱ ማውንት ቨርነን አለ፤ የባሕር ኃይል መርከቦች በጆርጅ ዋሽንግተን መቃብር ፊት ሲያልፉ ደወል ይደውላሉ። ሰውየው የሞተው እ.ኤ.አ. በ1799 ነው። ለአንድ ሰው ይህን ያህል ዘመን ደወል ከተደወለ፣ ለእነዚያ ልጆች ሙዚቃውን ለአንድ ደቂቃ ዝቅ ማድረግ ይከብዳል?

ይህን ስል ደግሞ የወንድሜ ልጅ ትታየኛለች። ቀሚሷ እየተሽከረከረ ስትጨፍር እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። በዕድሜ ከሞቱት ልጆች ብዙም አትርቅም። ሙዚቃው ይቁምባት እላለሁ? አልልም። ሰው ያልሞተበት ውሃ የት ይገኛል? ጣናስ ቢሆን ስንቱን ወስዷል፤ እማዬ ራሷ በልጅነቷ እየዘፈነች የተሻገረችው ነው። ይህን ብላት ምን እንደምትመልስ አላውቅም፤ አልጠየቅኋትም።

መርከቧ ከአሌክሳንድሪያ ስትመለስ እንደገና በዚያው ስናልፍ መሽቶ ነበር። እማዬ ተቀምጣለች፤ ልጅቷ ጉልበቷ ላይ ተደግፋ «አያቴ፣ ቅድም ለምን ቆምሽ?» አለቻት። እማዬ ወደ እኔ አየች፤ አንተ ንገራት እንደማለት። ነገርኳት። ልጅቷ ዝም አለች፤ ከዚያ «ስማቸውን ታውቃለህ?» አለችኝ። ከዚያ ጓደኛዋ ጠራቻት፤ ሮጣ ሄደች።

ወንድሜ ለነሐሴ ሌላ የመርከብ ጉዞ እያሰበ ነው፤ ፍልሰታ ስለሚገባ ከጾሙ በኋላ ይሁን ብዬዋለሁ። እማዬ ትመጣ እንደሆነ... እኔስ ብሄድ እዚያ ቦታ ላይ ስደርስ እነሣለሁ? ልጁ ያንን ሳህን እንደያዘ... እስቲ ለዛሬ እዚህ ላይ ላቁም።